አሁን እጃችሁ ላይ ያለው መጽሐፍ ምንድን ነው? ገጹን ጨምራችሁ ንገሩን

መነሻ

ሰላም የመጽሐፍ ወዳጆች። በየጊዜው የምትወዱትን መጽሐፍ ንገሩን የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ መልሱም ሁልጊዜ ያው ነው። የታወቁ አራት አምስት ርእሶች ይደረደራሉ፣ ሁሉም ይስማማል፣ ወሬው እዚያው ይበርዳል። ይህ ለእኔ አይበቃኝም። ከዓመታት በፊት ስላነበብነው መጽሐፍ ስናወራ የምናወራው ትዝታችንን ነው። አሁን ከፍተን ስለያዝነው መጽሐፍ ስናወራ ግን ገና አልፈረድንም፤ እንጠራጠራለን፣ እንናደዳለን፣ ደራሲው ወዴት እየወሰደን እንደሆነ አናውቅም። የመጽሐፍ ጨዋታ የሚጥመው እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው። አንብባችሁ የጨረሳችሁትን ሳይሆን በዚህ ሳምንት የምታነቡትን ንገሩን። ስንተኛው ገጽ ወይም የትኛው ክፍል ላይ እንደደረሳችሁ ጻፉ። እዚያ ላይ የያዛችሁን አንድ ነገር ጨምሩበት፤ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ቦታ፣ ክርክር፣ ያልገባችሁ አንቀጽ። ሰልችቷችሁ ያቆማችሁም የቆማችሁበትን ገጽ ንገሩን። አያሳፍርም።

ልጀምር። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን የሕይወት ታሪክ እያነበብኩ ነው፤ ገና መቶኛው ገጽ አልደረስኩም። ገና በልጅነታቸው ዓድዋ ዘምተው፣ ከዚያ ሩሲያ ተሻግረው የመድፍ ትምህርት ተምረው የተመለሱ፣ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። የያዘኝ ነገር ሽማግሌው ያኔ ስለነበሩት ልጅ ሲጽፉ የሚያሳዩት ትዕግሥት ነው። ልጁን አያሞግሱትም፣ አይቆጡትም፤ ዝም ብለው ከኋላው ይከተሉታል። የኋላውን ትልቅነት ወደ ልጅነት ዘመን መልሶ የሚያለብስ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ እሳቸው ይህን አላደረጉም።

(ውይይቱ ስለረዘመ አዲስ ለሚገቡ እንዲመች የመጡትን መልሶች ከዚህ በታች በየቁጥራቸው አጠናቅሬያለሁ። ቃል በቃል አልገለበጥኩም፤ ፍሬ ነገሩን ነው የያዝኩት።)

ቁጥር 1፦ ከባሕር ዳር ነው የመጣው፤ ጸሐፊዋ የሌሊት ተረኛ ነርስ ናት። ፍቅር እስከ መቃብርን ለሦስተኛ ጊዜ እያነበበች በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባበት ላይ ደርሳለች። በመጀመሪያው ንባቧ በሁለቱ ፍቅር ብቻ ተወስዳ ነበር። አሁን ግን ዓይኗ የሚያርፈው አባትየው ላይ ነው። ለልጃቸው የሚመጣውን ሁሉ በዘር አንሷል እያሉ ሲመልሱ ዕድሜዋ እንዴት እንደሚነጉድ ሐዲስ ዓለማየሁ ሳይቸኩሉ እንደሚያሳዩ ጻፈች። በሽተኛ ሲጠራት ከጓንት ካርቶን የቀደደችውን ቁራጭ ገጹ መካከል ሸጉጣ ትሄዳለች፤ ስትመለስ አንዳንዴ ነግቷል።

ቁጥር 2፦ ያንኑ መጽሐፍ ከብዙ ዓመት በፊት እንደጨረሰው፣ ከዚያ የሚበልጥ እንደሌለ፣ ሌላ ማንበብም እንደማያስፈልግ ገለጸ። አሁን የሚያነበውን ጠየቅሁት። ዝም አለ።

ቁጥር 3፦ አዳማ የሚማር የምህንድስና ተማሪ ነው። የያዘው ስለ ገንዘብ አያያዝ የተጻፈ የትርጉም መጽሐፍ ሲሆን ገጽ 112 ላይ ነው። ትልልቅ ልብ ወለድ በሚጠራበት ቦታ ይህን መናገር እንደከበደው፣ ግን ደንቡ ስላስገደደው እውነቱን እንደጻፈ ነገረን። ገጹ ላይ ያለው ምክር ደመወዝ የመጣ ዕለት ከሁሉ አስቀድመህ የምትቆጥበውን ለይ የሚል ነው። እሱ ደግሞ ደመወዝ የለውም፤ ከቤት የሚላክለት ለምግብና ለፎቶ ኮፒ አይበቃም። መጽሐፉ ለማን ተጻፈ እያለ ራሱን እየጠየቀ ነው የሚያነበው። ከመልሶቹ ሁሉ ልቤን ከነኩት አንዱ ይህ ነው።

ቁጥር 4፦ ሰላምታ የለውም። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ንባብ ተብሎ እንደማይቆጠር፣ በጥድፊያ ተተርጉሞ፣ ያለ አርታኢ ታትሞ፣ አንዱ መጽሐፍ በሁለት የተለያየ ርእስ እንደሚሸጥ፣ ወጣቱም ጊዜውን እያባከነ እንደሆነ ጻፈ። ስለ አስተራረሙ ያለው ሐቅ ነው፤ እኔም እንደዚያ ያሉ መጻሕፍት ገጥመውኛል። ልጁን ያናገረበት መንገድ ግን ከዚህ ቦታ የሚጠበቅ አልነበረም፤ ይህንኑ እዚያው ነግሬዋለሁ።

ቁጥር 5፦ ለገሃር አካባቢ ሸራ ዘርግቶ መጽሐፍ የሚሸጥ ሰው ነው መልሱን የሰጠው። የፊተኛውን መደዳ የሚይዙት ቁጥር 4 የናቃቸው መጻሕፍት እንደሆኑ፣ የዕለት ወጪውን የሚሸፍኑለትም እነሱ እንደሆኑ አስረዳ። ሁለተኛው መደዳ አዳዲስ ልብ ወለድ ነው። ከኋላው ባለ ካርቶን ውስጥ ደግሞ የድሮዎቹ አሉ፤ ጠርዛቸው የቡና መልክ የያዘ፣ የመጀመሪያ ገጻቸው ላይ የባለቤት ስምና ፊርማ ያለባቸው፣ የአንዳንዶቹ ስፌት የላላ። ካርቶኑን የሚጠይቀው ደንበኛ ገና ሳይናገር ይታወቃል፤ ቆሞ አያይም፣ ቁጢጥ ይላል። ዛሬ ቁጢጥ ብለው ካርቶን ከሚያገላብጡት መካከል የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን ከፊተኛው መደዳ የገዙ ብዙ እንዳሉ በዓይኑ ያየው ነገር መሆኑን ጨመረ። ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ የሚሸፍነው ግን ካርቶኑን ነው። እኔ ከዚህ ሰው ጋር ነኝ።

ቁጥር 6፦ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር እናት እንጀራ ከምትገዛበት ሱቅ አደፍርስን አግኝታ ጀመረች፤ ገጽ 47 ላይ ቆማለች። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ናት። የገጠሩ የሸዋ ንግግር፣ ተረትና ምሳሌው እርስ በርሱ እየተያያዘ ሲመጣ መንገዱ ይጠፋባታል። ዳኛቸው ወርቁ ይህን ያህል ያከበደበት ምክንያት ምን ይሆን ስትል ጠየቀች፤ ጥፋቱ የእሷ ይሁን የመጽሐፉ አላወቀችም።

ቁጥር 7፦ ደብረ ሲና የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የአማርኛ አስተማሪ ልጄ ብለው ነው የጀመሩላት። ጥፋቱ የማንም እንዳልሆነ፣ መጽሐፉ በ1962 ሲወጣም ብዙ አንባቢ እንደ እሷ ግራ እንደተጋባ ነገሯት። የመከሯት አንድ ነገር ነው፦ በዓይንሽ አታንብቢው፣ ድምፅ አውጥተሽ አንብቢው። የዚያ አገር ሰው ነገሩን በቀጥታ አያወጣውም፤ ዙሪያውን ዞሮ፣ በተረት አዋዝቶ፣ አድማጩን አይቶ ነው የሚናገረው። ንግግሩ ለጆሮ የተሠራ ስለሆነ ጆሮ ካልሰማው ዓይን ብቻውን አይችለውም አሉ።

ቁጥር 8፦ የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት በሦስተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። አብረዋት የሚኖሩት አሮጊት እናቷ ሳሎን ተቀምጠው ሳለ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ዐረፍተ ነገሩን ሳትጨርሰው እናትየው ይስቃሉ፤ እሷ ያልገባትን ቃል እሳቸው ይፈቱታል፤ አንዳንዴ ደራሲው የጀመረውን ተረት ከአፏ ነጥቀው ይጨርሱታል። ገጽ 61 ደርሳለች።

ቁጥር 9፦ አስተማሪውን ሊያርም የመጣ ሰው መጽሐፉ የወጣው በ1970 እንጂ በ1962 እንዳልሆነ ጻፈ።

ቁጥር 10፦ ሌላው ሁለቱም ልክ መሆናቸውን፣ አንደኛው በእኛ፣ ሌላኛው በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን አስታወሰ። ከዚህ በኋላ የምንጽፈው ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲሆን ተስማምተናል።

ቁጥር 11፦ ፍራንክፈርት የሚኖር፣ አሥመራ ተወልዶ በልጅነቱ የወጣ ሰው ነው። የበዓሉ ግርማን ልብ ወለድ ኦሮማይን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይዟል። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ደርግ በኤርትራ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከአዲስ አበባ አሥመራ የገባበት ክፍል ላይ ነው። ቀስ ብሎ የሚያነበው ሆን ብሎ ነው፤ ኮምቢሽታቶ በሚባለው የአሥመራ አውራ ጎዳና ላይ የአባቱን እጅ ይዞ ሲሄድ የነበረው በዚያው ዘመን ስለሆነ ደራሲው መንገድ በጠራ ቁጥር መጽሐፉን ዘግቶ ራሱ ያየውን ለማስታወስ ይሞክራል። ልጅ ሆኖ ያየው ወታደርና መኪና ነበር፤ ትልልቆቹ ምን እያሰቡ እንደነበር አሁን ከልብ ወለድ እየሰማ ነው። በመጨረሻ አንድ ነገር ለመነ፦ ፊያሜታ ምን እንደምትሆን ማንም እንዳይነግረው።

ቁጥር 12፦ ነገረው። ይህን መልስ አንስቼዋለሁ፤ ቁጥሩ ባዶ ሆኖ ይቆያል። ሰው ለምኖ የጠየቀውን ያህል ቀላል ነገር መንፈግ ጨዋነት አይደለም፤ ደግሞ ቢመጣም አነሳዋለሁ።

ቁጥር 13፦ አንድ ሰው በማንሳቴ ተቆጣ። መጽሐፉ በ1975 የታተመ ስለሆነ ምስጢር የሚባል ነገር እንደሌለው፣ መጨረሻውን የማያውቅ ካለ የራሱ ጉዳይ እንደሆነ ተከራከረ።

ቁጥር 14፦ ሌላው ደገፈው። ፍቅር እስከ መቃብር የሚባለው መጽሐፍ መጨረሻውን ሽፋኑ ላይ ተሸክሞ ሲዞር እንደኖረና ማንም ማንበቡን እንዳልተወ አነሳ።

ቁጥር 15፦ የባሕር ዳሯ ነርስ ተመለሰች። ደራሲው ራሱ ሽፋኑ ላይ ሲነግረን ምርጫው የሱ ነው፤ መንገደኛ መጥቶ ጆሮህ ላይ ሲነግርህ ግን ሌላ ነገር ነው። እሷ ሦስት ጊዜ ያነበበችው መጨረሻውን እያወቀች መሆኑ እውነት ቢሆንም ያንን የመጀመሪያ ንባብ ማንም ሊመልስላት እንደማይችል ጻፈች። ከዚህ የተሻለ መልስ አልመጣም።

ቁጥር 16፦ በዕድሜ የገፉ የቀድሞ የመንግሥት ሠራተኛ መጽሐፉ የወጣበትን ጊዜ አወሩን። ኦሮማይ ወዲያው ከገበያ ሲሰበሰብ እጅ ላይ የቀረው እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ አደራ ነበር የሚዞረው። እሳቸው የደረሳቸው በጋዜጣ ተጠቅልሎ ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው። ሚስታቸውና እሳቸው አንድ ሻማ መካከል አድርገው፣ እሳቸው አንብበው የጨረሱትን ገጽ እሷ እየተቀበለች አደሩ፤ ስፌቱ ቀድሞውኑ ስለተፈታ ገጹ በየነጠላው ነበር። ጠዋት ለሚቀጥለው ሰው አስረከቡ። በዓሉ ግርማ ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባሮ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ሲቀር እሳቸው በዚያ ሌሊት ያነበቡትን ገጽ ነበር የሚያስቡት። ስለ መጽሐፉ መጨረሻ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ ለፍራንክፈርቱ ሰው ብለው መተዋቸውንም ገለጹ።

ቁጥር 17፦ የፍራንክፈርቱ ሰው ቁጥር 12ን ሳላነሳው በፊት እንዳላየው ነገረን። ጋሼ ብሎ አመሰገናቸው።

ቁጥር 18፦ ከደሴ አንድ አዛውንት ገባ ብለው፣ ዓይናቸው ስለደከመ ዛሬ የሚያነቡት በጆሯቸው መሆኑን ተናገሩ። የልጅ ልጃቸው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ፍቅር እስከ መቃብር በስልክ ከፍቶላቸው ይሄዳል። በዚያ ዘመን ሬዲዮ ያለው ጎረቤት ቤት ግቢው ሞልቶ ይሰማ ነበር፤ ቡና የሚያፈሉት ሴቶች ሲኒ እንዳይንቀጫቀጭ ይጠነቀቁ ነበር። ገጽ ስለሌላቸው የደረሱበትን በሰው ነገሩን፦ ጉዱ ካሳ መናገር ጀምሯል።

ቁጥር 19፦ ቁጥር 2 ላይ የነበረው ሰው ተመልሶ መጣ። መስማት ማንበብ እንዳልሆነ፣ ይህ ውይይት የአንባቢዎች ከሆነ አድማጮች ሌላ ቦታ ሊፈልጉ እንደሚገባ፣ ትረካ ሰነፍ እንደሚያበዛ ጻፈ።

ቁጥር 20፦ መልሱን የሰጠው ማየት የተሳነው የሕግ ባለሙያ ነው። ስድስት ኪሎ ሲማር በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎች እየመጡ ያነቡለት እንደነበር፣ የሕግ መጻሕፍቱን ሁሉ በሌሎች ሰዎች ድምፅ እንዳጠና፣ ዛሬ ፍርድ ቤት ቆሞ ሲከራከር አንቀጹን የሚያስታውሰው ባነበበለት ልጅ ድምፅ መሆኑን ጻፈ። አንዷ አንባቢው ነጠላ ሰረዝ ላይ ትንፋሽ ትወስድ ስለነበር እስከ ዛሬ በሐሳቡ ዐረፍተ ነገር ሲሠራ እዚያ ላይ ያርፋል። ከዚያ ቁጥር 19ን በስሙ ጠርቶ፣ ያነበብኩት አላነበብኩም ካልከኝ ዲግሪዬን ለማን ልመልስ ብሎ ጠየቀው። ውይይቱ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሰላ ነገር አልተጻፈም፤ ስድብ ግን አንድም የለበትም።

ቁጥር 21፦ የቁጥር 19ኙ ሰው ስለ ዓይነ ስውራን እንዳልተናገረ፣ በጥቅሉ እንደተናገረ ሊያስረዳ ሞከረ።

ቁጥር 22፦ የደብረ ሲናው አስተማሪ ቁጥር 7 ላይ የመከሩትን አስታወሱት። ለሲልቨር ስፕሪንጓ እናት አደፍርስን ያስከፈተላት ጆሮ እንጂ ዓይን አልነበረም። እርሱ ደግሞ እስካሁን ሦስት ጊዜ መጥቶ አንድም የሚያነበውን መጽሐፍ እንዳልነገረን በአስተማሪ ቁጣ ነገሩት። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ቢመለስ ደስ ይለኛል፤ መጽሐፍ ይዞ ከመጣ ቦታ አለው።

ቁጥር 23 እና 24፦ እዚህ ላይ ወሬው ወደ መነጽር ሄደ፣ ከመነጽር ወደ መብራት፣ ከመብራት ወደ ኪራይ መጻሕፍት። መታወቂያ ወይም መያዣ ብር አስቀምጦ መጽሐፍ በቀን ኪራይ የሚወሰድበትን ዘመን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። አንደኛው በኪራይ ከወሰደው መጽሐፍ መጨረሻው ገጽ ተቀድዶ ስለነበር ታሪኩ እንዴት እንዳለቀ ያወቀው ከአሥር ዓመት በኋላ መሆኑን ነገረን።

ቁጥር 25፦ ከሪያድ፣ ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ናት። ነገም ሌላ ቀን ነው የሚለውን፣ የአሜሪካዊቷን የማርጋሬት ሚቼልን ልብ ወለድ ትርጉም በስልኳ ፒዲኤፍ ታነባለች። የቤቱ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ የስልኩን ብርሃን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጋ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ። ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ስካርሌትን አትወዳትም፤ ግን መሬቷን አልለቅም ስትል ትረዳታለች፣ እሷም ያጠራቀመችው ለቤት መሥሪያ ነው። ፋይሉን የጫነው ሰው ሲያነሳ ዘሎ ኖሮ መካከል ላይ አራት ገጽ የለም። የጎደሉት ገጾች ላይ ምን እንደሆነ የሚነግራት ሰው ጠየቀች።

ቁጥር 26፦ አንድ ደራሲ መጣ። ለእህታችን ክብር እንዳለው አስቀድሞ፣ ፒዲኤፍ ግን ስርቆት መሆኑን ሳይሸሽግ ጻፈ። የመጀመሪያ መጽሐፉን ተበድሮ ነው ያሳተመው። የወረቀት ዋጋ በየጊዜው ስለሚጨምር ማተሚያ ቤቱ የነገረው ዋጋ እስኪከፍል ድረስ ተለውጦ ጠበቀው። መጽሐፉ ገበያ በገባ በሳምንቱ ከዳር እስከ ዳር ፎቶ ተነስቶ ቴሌግራም ላይ አገኘው፤ አንዱ ገጽ ላይ ያነሳው ሰው አውራ ጣት ይታያል። ያንን ጣት እስካሁን እንደማይረሳው ጻፈ።

ቁጥር 27፦ አንዱ በኃይለ ቃል መለሰለት። ሪያድ ውስጥ የአማርኛ መጽሐፍ የሚሸጥበት ሱቅ የት እንዳለ ያሳየኝ፣ ሠራተኛዋስ በየትኛው የዕረፍት ቀኗ ሄዳ ትገዛለች ብሎ ጠየቀው። የቀረውን አልደግመውም፤ ከመስመር የወጣ ነበር።

ቁጥር 28፦ የሕግ ባለሙያው ነገሩን አበረደው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ዕድሜ ልኩን፣ ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1996 ስላረፉ የወራሾቻቸው መብት እስከ 2046 ይዘልቃል። በ1900 ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ግን ጊዜው ስላለፈ ማንም ሊያትመው፣ ሊያሰራጨው ይችላል። ያነበቡትን በራስ ቃል ለሌላ ሰው ማውራት ደግሞ ማባዛት አይደለም፤ ስለዚህ የሪያዷ እህት የጠየቀችው ነገር በሕግም በሞራልም ነውር የለበትም።

ቁጥር 29፦ ደራሲው በዚህ እንደሚስማማ፣ ፋይሉን በሚመለከት ግን አቋሙ እንዳልተለወጠ ጻፈ። በእሷ ላይ ሳይሆን ገጹን ፎቶ አንስቶ በሚበትነው፣ ሰብስቦም በሚያስከፍለው ላይ ነው ቁጣው። ውጭ አገር ያለ አንባቢ በስልኩ ከፍሎ የሚያነብበት መንገድ እንዲበዛ ብንጮህ ይሻላል አለ። በዚህ እኔም እስማማለሁ፤ ግን መንገዱ እስኪበዛ ድረስ እሷ በሌሊት ምን ታንብብ ለሚለው ጥያቄ መልስ አላገኘሁለትም፣ እሱም አላገኘለትም።

ቁጥር 30፦ መጽሐፉ ያላት የባሕር ዳሯ ነርስ ናት። በተረኛ ሌሊቷ የጎደሉትን አራት ገጾች አንብባ፣ በራሷ አነጋገር በድምፅ ቀድታ ለሪያዷ ላከችላት።

ቁጥር 31፦ የቀድሞው የመንግሥት ሠራተኛ እዚህ ላይ የመጽሐፉን ታሪክ አነሱ። ነቢይ መኮንን ይህን ትርጉም የሠራው በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ ነው፤ የጻፈበትም ወረቀት የሲጋራ ፓኬት ውስጥ የሚገኘው ነበር። ወረቀቶቹ በድብቅ እየወጡ ተሰብስበው ነው መጽሐፍ የሆኑት። በዚያ መንገድ የመጣ መጽሐፍ ዛሬ ብርድ ልብስ ውስጥ በስልክ ሲነበብ ሲሰሙ እንባቸው እንደመጣ ጻፉ። ቁጥር 27 ላይ በኃይለ ቃል የጻፈውም ሰው ከዚህ በታች ደራሲውን ይቅርታ ጠየቀ።

ቁጥር 32፦ ሪያድ። ድምፁን ሁለት ጊዜ እንደሰማችው፣ ነርሷ ባወራችበት ቦታ ላይ ስካርሌትን ትንሽ እንደወደደቻት፣ አሁን ወደ ጦርነቱ መጨረሻ መድረሷን ጻፈች።

ቁጥር 33፦ ነታንያ ተወልዳ ያደገች ወጣት ናት። ዕብራይስጥ በፍጥነት ታነባለች፤ አማርኛ ግን ገና ፊደል በፊደል ነው። የያዘችው የልጆች ተረት ሲሆን ገጽ 6 ላይ ነች፤ ከእያንዳንዱ ገጽ በኋላ አያቷ ትክክል መሆኑን ያረጋግጡላታል። ጥያቄዋ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስቱም አንድ ድምፅ ከሆኑ የቱን መቼ እንደምትጽፍ እንዴት ማወቅ ትችላለች የሚል ነበር።

ቁጥር 34፣ 35 እና 36፦ ጥያቄዋን ትተው እርስ በርስ ተያያዙ። አንዱ ፊደሉ ይቀነስ አለ፤ ሌላው ፊደል የሚቀንስ አባቱን የሚክድ ነው አለ፤ ሦስተኛው ሁለቱ በጻፉት ላይ ስሕተት እየለቀመ አረማቸው። ይህ ክርክር የራሱ ቦታ ይገባዋል፤ እዚህ ልጅቷ መልስ ሳታገኝ ቀረች።

ቁጥር 37፦ ያዳመጣት የደብረ ሲናው አስተማሪ ናቸው። አሁን ለማንበብ ልዩነቱን ማወቅ እንደማያስፈልጋት፣ መጽሐፍ ስታበዛ ዓይኗ ራሱ እንደሚለምደው፣ ለጊዜው አያቷ አጠገቧ መኖራቸው ከማንኛውም መምህር እንደሚበልጥ ነገሯት። ገጽ 7 ላይ ስትደርስ እንድትነግራቸውም አደራ አሉ።

ቁጥር 38፦ የአዳማው ተማሪ ነው። የገንዘቡን መጽሐፍ ገጽ 140 ላይ አቁሞታል። ቁጥር 28ን ካነበበ በኋላ አፈወርቅ በ1900 ያሳተሙትን ልብ ወለድ፣ ጦቢያ እየተባለ የሚጠራውን፣ ያለ ሥጋት በስልኩ አውርዶ ጀመረ። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር መንገድ ላይ ናት። አጻጻፉ እንደ ድርሳን የሚንቆረቆር ስለሆነ አንዳንድ ዐረፍተ ነገር የት እንደሚያልቅ አያውቀውም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ሴት ልጅን ወንድ አስመስሎ መንገድ ማስወጣቱ ለምን እንደሆነ የሚያስረዳው ሰው ይፈልጋል።

ቁጥር 39፦ ቁጥር 4 ነው፤ በዚህኛው ሰላምታ አለው። ያንኑ መጽሐፍ ከመደርደሪያው አውርዶ ዛሬ ማታ እንደሚጀምርና ገጹ ሲገናኝ እንደሚመልስለት ለተማሪው ጽፏል።